ፉት ነው ሌግ? ከአስተርጓሚ ወንበር ላይ

አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ወር ሳይሞላኝ አንድ ጤነኛ ሰው ገድዬ ለቅሶ አስቀምጫለሁ።

ያኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከአክስቴ ልጅ ቤት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ የአክስቴ ልጅ ባል ከሚሠራበት መጋዘን ናት። ትቸኩላለች። ከንግግሯ ሁሉ የያዝኩት የሰውየውን ስምና «ፓስድ» የምትል ቃል ብቻ ነው። ከኋላዋ «አውት» የምትል ትንሽ ቅጥያ ነበረች፤ እሷን ጆሮዬ ጣላት። አዲስ አበባ ሳለሁ ከፊልም የለቀምኩት «ፓስድ አዌይ» ማለት አረፈ፣ ሞተ ማለት መሆኑን ነው። «ፓስድ» ካለች አለቀ።

መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሌሊቱ ይጠበቃል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ብቻዬን ምን ላድርግ? ጎረቤታችን ወደሆኑ አንዲት ሐበሻ እናት ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለሁለት ሰው ደወሉ። ሁለቱ ለሌላ አራት ደወሉ። ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤታችን ሳሎን ጢም አለ። ጭቅጭቁ «ሚስቱ ከሥራ ስትመጣ ማን ይንገራት?» የሚል ነበር።

በመስኮት ሟቹ ከመኪና ሲወርድ አየነው።

እጁ ላይ የሆስፒታል አምባር፣ በሌላው እጁ የብርቱካን ጭማቂ። ቁርስ ሳይበላ ሄዶ፣ ሙቀት መትቶት፣ ራሱን ስቶ ወድቆ ነበር። «ፓስድ አውት» ማለት ይኸው ነው፤ ራሱን ሳተ። ጎረቤታችን እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እኔን ሲያዩ ተዉት። እስከዛሬ አንዳንድ ሰዎች «መርዶ» ይሉኛል።

የሚገርመው፣ ዛሬ እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች፣ በሐኪምና በአማርኛ ተናጋሪ ታካሚ መካከል እቀመጣለሁ። ሰዎች «ያንን ሁሉ የሕክምና ቃል እንዴት ቻልከው?» ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ረጅሙ ቃል አስቸግሮኝ አያውቅም። ረጅሙን ስለማላውቀው እጠይቃለሁ፣ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። የሚያቃጥለኝ አውቀዋለሁ ብዬ የማልጠይቀው ትንሹ ቃል ነው። እዚህ የምጽፈው እነዚያን ነው። ሐኪም ቤት የራሳችሁን ወይም የእናታችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ስትገቡ ይጠቅማችሁ ይሆናል። የታካሚ ምስጢር ስላለብኝ ዕድሜውንም ሁኔታውንም ቀያይሬዋለሁ። ስህተቶቹ ግን የራሴ ናቸው፤ እነሱን አልቀየርኩም።

ከእግር ልጀምር።

ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ነበሩ። እማማ ልበላቸው። ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። «እግሬን ያመኛል» አሉ። እኔ ሳላቅማማ «ፉት» አልኩ። ሐኪሙ ጫማቸውን አስወለቀ። ካልሲያቸውን አወለቀ። በጣቶቻቸው መካከል አየ፣ ውስጥ እግራቸውን ጫን ጫን አደረገ፣ ተረከዛቸውን መታ መታ አደረገ። ስኳር አለባቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። እማማ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጫማዬን ምን አድርጎት ነው?» አሉኝ። ሐኪሙ ለስለስ ያለ ጫማ እንዲያደርጉ መክሮ ሊያሰናብተን ሲል፣ ከአልጋው ሲወርዱ ባታቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

«እዚህ ነዋ! ስነግርህ አልነበር?»

ባታቸው አብጧል፤ ከሌላኛው ይልቅ ይሞቃል። ሐኪሙ ስንት ሰዓት በአውሮፕላን እንደተቀመጡ ጠየቀ። ፊቱ ተለወጠ። በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ተነሡ፤ ደም ረግቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጀመረላቸው።

እኛ ከዳሌ እስከ ጣት ድረስ ያለውን «እግር» ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ፉት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሌግ ይላል። እጅም እንደዚያው ነው። ከአንጓ ወዲህ ያለው ሃንድ፣ ከአንጓ እስከ ትከሻ ያለው አርም ነው። ጣትም ቢሆን የእጅ ፊንገር፣ የእግር ቶ ይባላል። በአማርኛ ባት፣ ጭን፣ ጉልበት፣ ተረከዝ የሚሉ ቃላት ሞልተውናል፤ ግን ሲያመን አንጠራቸውም። «እግሬን» እንላለን። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሚያማችሁን ቦታ በአንድ ጣት ንኩት። አስተርጓሚ ቢኖርም ንኩት። በተለይ እንደ እኔ ያለ አስተርጓሚ ካለ ንኩት።

ወገብ ደግሞ በተቃራኒው ነው። መዝገበ ቃላት ወገብን «ዌስት» ይለዋል። ዌስት ቀበቶ የሚታሰርበት ዙሪያ ነው፤ ልብስ ሰፊ የሚለካው። ወገብ የሚያመው ሰው «ማይ ዌስት» ሲል ሐኪሙ ጎን ጎኑን ያያል። እኛ ወገቤን የምንለው «ሎወር ባክ» ነው። እንግሊዝኛው ጀርባንም ወገብንም በአንድ «ባክ» ጠቅልሎ፣ ታች ላይ ያለውን በቅጽል ይለየዋል። ሌላው ደግሞ «ኩላሊቴን» የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ከጎድን በታች ወደ ጀርባ ሲወጋው ኩላሊቴን ይላል። ያንን በቀጥታ «ኪድኒ» ካልኩት ሐኪሙ የሽንት ምርመራ ያዛል፤ ሕመሙ ግን የጡንቻ ሊሆን ይችላል። እኔ የታካሚውን ቃል የመለወጥ ሥልጣን የለኝም። መጠየቅ ግን እችላለሁ። እንዲህ ሲሆን ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው ነው የማወራው፤ «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይፈልጋል» እላለሁ። ለሰሚ ያስቃል፤ የሥራው ደንብ ነው።

ቀጥሎ «ራሴን ያዞረኛል»። ይህን «ዲዚ» ብዬ ሳቀብል ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አንዲት ሐኪም መልሳ ጠየቀችኝ፤ «ክፍሉ ነው የሚዞርባቸው ወይስ ልወድቅ ነው፣ ዓይኔ ጨለመ የሚል ስሜት ነው?» ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ቤቱ የሚሽከረከር ከሆነ «ቨርቲጎ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ መነሻው ውስጠኛው ጆሮ ነው። ከመቀመጫ ሲነሡ ዓይን የሚጨልም፣ ጭንቅላት ባዶ የሚሆን ከሆነ «ላይትሄድድ» ነው፤ ያኔ የደም ግፊት መውረድን፣ የውኃ ማነስን፣ መድኃኒት መብዛትን ያስባሉ። በሑዳዴ 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ የግፊት ክኒን የሚውጡ እናቶችን አስቡ። «ዲዚ» ብቻ ብሎ ማለፍ ሐኪሙን ጭጋግ ውስጥ መክተት ነው። «እየጾምኩ ነው» የምትለዋም ቃል መነገር አለባት፤ ፈረንጁ ከየት ያውቃታል?

«ደከመኝ» ደግሞ የባሰ ነው። ሥራ በዝቶብኛል ማለት ሊሆን ይችላል። እንቅልፌ መጣ ሊሆን ይችላል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ሊሆን ይችላል። እጄ ዕቃ መያዝ አቃተው ሊሆንም ይችላል። የመጀመሪያው «ታየርድ» ነው፤ ሁለተኛው «ስሊፒ»፤ ሦስተኛው «ሾርት ኦፍ ብሬዝ»፤ አራተኛው «ዊክ»። «ዊክ» ያላችሁ እንደሆነ ሐኪሙ ጣቱን አስጨብጦ «ጭመቅ» ይላችኋል፤ ምክንያቱም ለእሱ ዊክ ማለት ጡንቻ አልታዘዝ አለ ማለት ነው። በአንድ ወገን ድንገት ከሆነ ስትሮክ ይጠረጥራል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ «አይ አም ዊክ» ያለ አንድ ወንድማችን የጭንቅላት ስካን ሊነሣ ሲሰናዳ ነው የደረስኩለት። እንቅልፍ ነበር የጎደለው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር።

አንድ ሰባ ያለፋቸው አባት ነበሩ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ «ሃርት ፌይለር» አለ። «ፌይል» ማለት መውደቅ፣ መክሸፍ ነው ብዬ የማውቅ ሰው፣ ፊታቸውን እያየሁ «ልብዎ ሥራ አቁሟል» አልኳቸው። አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ታዲያ ይሄ የሚመታው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ልጃቸው ማልቀስ ጀምራለች። ሐኪሙ ምን እንዳልኩ አያውቅም፤ ያለውን እየደጋገመ ያጽናናታል። አስቁሜ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ፣ እንደገና አስጀመርኩት። ነገሩ ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ቀነሰ ማለት ነው። ውኃ ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ጨው ቀንሰው፣ መድኃኒት ወስደው ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ። አማርኛችን «የልብ ድካም» ይለዋል፤ ጥሩ ስም ነበር። ችግሩ ድንገት ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣውን «ሃርት አታክ»ንም ሰው የልብ ድካም ይለዋል። ልብ በድንገት መምታት ሲያቆም ደግሞ «ካርዲያክ አረስት» ነው፤ ያኔ ደረት መጫን ነው፣ ደቂቃ አይሰጥም። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት አያዋጣም። እኔ አሁን ስሙን ትቼ የሆነውን እናገራለሁ፤ ልብ ደከመ፣ የልብ ደም ሥር ተዘጋ፣ ልብ ቆመ።

በነገራችን ላይ «ሃርትበርን» ከልብ ጋር ምንም አይገናኝም። ቃር ነው። ቃር የምትል ውብ አጭር ቃል እያለችን «ልብ ማቃጠል» ብላችሁ አትተርጉሙ።

ሥልጠና ላይ የሚነገረን አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በፈረንጆች 1980 ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ስፓኒሽ የሚናገሩት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ነገር መርዞት ይሆናል ለማለት። ሐኪሞቹ ይህንን እንደ እንግሊዝኛው «ኢንቶክሲኬትድ» ወሰዱት፤ አደንዛዥ ነገር ወስዷል አሉ። በዚያው መንገድ አከሙት። ጭንቅላቱ ውስጥ ግን ደም ይፈስ ነበር። ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ክሱም 71 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ በሚደርስ ካሳ አለቀ። አስተርጓሚ ያልተጠራው ሁሉም ቃሉን ያወቀው ስለመሰለው ነው።

የእኛ «ኢንቶክሲካዶ» «አልተስማማኝም» ትመስለኛለች። አንዲት ሴት «ፔኒሲሊን አልተስማማኝም ነበር» አለችኝ። «አለርጂክ» አልኩ። ነርሷ ኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ጻፈችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቺው ሴት ኢንፌክሽን ይዟት ስትመጣ በፔኒሲሊን ፋንታ ሌላ መድኃኒት ተሰጣት፤ እሱም ሆዷን እያገላበጠ አሠቃያት። ያኔ ነው አንድ ፋርማሲስት «ፔኒሲሊኑ ምን አድርጎሽ ነበር?» ብሎ የጠየቃት። «አቅለሸለሸኝ» አለች። ይህ «ሳይድ ኢፌክት» ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት። አለርጂ ማለት ቆዳ ላይ ሽፍታ መውጣት፣ ከንፈርና ጉሮሮ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ታካሚ አንዱ ፔኒሲሊን አለርጂዬ ነው ይላል። ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ከ10ሩ ከ9ኙ በላይ የሚሆኑት አለርጂ የለባቸውም። ስለዚህ የእኛ ሰው ብቻ አይደለም የሚያደባልቀው። እናንተ «አለርጂ አለሽ?» ስትባሉ አዎ ወይም አይ ብላችሁ አትቁሙ፤ ምን እንደሆናችሁ ተናገሩ።

«ትሪት» እና «ኪዩር»ን አስቡ። ማከምና ማዳን። ሐኪሙ የደም ግፊት «ትሪተብል ነው» ይላል፤ እኔ ለማጽናናት ብዬ «ይድናል» አልኩ። ሰው ማጽናናት ሲጀምር ነው ትርጉም የሚበላሸው። ታካሚዋ ብልቃጡ ሲያልቅ «ዳንኩ» ብላ ተወችው። ስትመለስ ግፊቷ ያስፈራ ነበር። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኤችአይቪ ይታከማሉ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥም። ሳንባ ነቀርሳ ይድናል፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱ። ሐኪማችሁን «ይህ የሚድን ነው ወይስ እየታከሙ የሚኖሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን ጥያቄ በአማርኛ ጠይቃችሁኝ በእንግሊዝኛ ሳቀብላት ሐኪሞቹ ደስ ሲላቸው አያለሁ።

ጥቂቶችን በሩጫ ልለፍ። ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ነው ከተባላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተፈራው አልተገኘም ማለት ነው፤ አትደንግጡ። የራጅ ወረቀት ላይ «አንሪማርከብል» የሚል ካያችሁ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ምንም የሚነገር ችግር የለም ማለት ነው። «ፕሮግረሲቭ» የሚለው ቃል ከበሽታ ጎን ከቆመ ግን ዕድገት ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ እየባሰ የሚሄድ ማለት ነው። «ክሮኒክ» የቆየ፣ «አኪዩት» በቅርቡ በድንገት የጀመረ ነው። የትኛው ይከፋል የሚለውን ቃሉ አይነግራችሁም። «ዲስቻርጅ» ሁለት ነገር ናት። ከሆስፒታል መውጣትም፣ ከሰውነት የሚወጣ ፈሳሽም። አንዲት እህት የማህፀን ሐኪም ጋ ሆና «ዲስቻርጅ አለሽ?» ስትባል «ዛሬ ከሰዓት ብትሉኝ ደስ ይለኛል» ብላለች። ነርሷና እኔ እየተያየን ሳቃችንን ዋጥነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ልጨምር። «ኤይት» የሚለውን ቁጥሩን ተሸክሜ «8 ሰዓት» ያልኩ ቀን፣ አንድ አባት ክኒናቸውን ከቀኑ 8 እና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲውጡ ከረሙ። ደወል ሞልተው፣ እኩለ ሌሊት አልፎ እየተነሡ። ሐኪሙ ያለው ጠዋትና ማታ 2 ሰዓት ነበር። ደግነቱ መካከሉ 12 ሰዓት ስለሆነ መድኃኒቱ አልጎደለባቸውም፤ እንቅልፋቸው ነው የጎደለው።

ኪስ የሚጎዱ ቃላትም አሉ። «ስክሪኒንግ» እና «ዳያግኖስቲክ» ሁለቱም በአማርኛ ምርመራ ናቸው። ስክሪኒንግ ምንም ሳያማችሁ፣ ዕድሜያችሁ ስለደረሰ የሚደረግ ነው። ለምሳሌ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ45 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። አብዛኛው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ይህን ያለክፍያ የመሸፈን ግዴታ አለበት። ዳያግኖስቲክ ግን ምልክት ታይቶ መንስኤው ሲፈለግ ነው፤ ቢል ሊመጣ ይችላል። መሣሪያው አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ ሂሳቡ ሌላ። ለማታለል አይደለም የምነግራችሁ፤ ያመማችሁን ደብቁ ማለቴም አይደለም። ቀጠሮ ስትይዙ «ይህ በየትኛው ነው የሚመዘገበው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ኧርጀንት ኬር» እና «ኢመርጀንሲ ሩም»ም እንደዚያው። አስቸኳይና ድንገተኛ ብለን እናደባልቃቸዋለን። ጉሮሮ ለማየት፣ የተወለመ ቁርጭምጭሚት ለማሰር ኧርጀንት ኬር ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከሆነ 911 መደወል ነው። ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ባለ ሕግ፣ ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው መክፈል ቻለ አልቻለ ሳይል አይቶ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ቢሉ በኋላ አይመጣም አላልኩም። በ«ሜዲኬር» እና በ«ሜዲኬይድ» ስም መመሳሰልም አትሸወዱ። ሁለቱም በ1965 የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው፣ ሁለተኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ብቻችሁን መሸከም የለባችሁም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፤ መንግሥታዊ ቢሮዎቿ ቅጾቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» በሉ። «ትራንስሌተር» ብትሉም ይገባቸዋል፤ ግን እሱ በጽሑፍ የሚተረጉመው ነው። አማርኛችን ራሱ ተርጓሚና አስተርጓሚ ብሎ ለይቶታል። ሰው በአካል ባይገኝ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያመጣሉ። የ12 ዓመት ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙ። ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል ደንቡም፣ የሕይወት አደጋ ካልሆነ በስተቀር፣ ይከለክላል። የእናቷን የካንሰር ወሬ ለእናቷ ያቀበለች ልጅ አይቻለሁ። ፊቷን ማየት ይበቃል።

አንዷን ትንሽ ቃል ሳልነግራችሁ አልሄድም፤ «ሶሪ»ን።

አንድ ቤተሰብ አባታቸው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነበሩ። ሐኪሙ ወደ መጠበቂያው ክፍል መጥቶ ተቀመጠ፤ ሲቀመጡ ጥሩ ወሬ አያመጡም። «አይ አም ሶ ሶሪ» ብሎ ጀመረ። ጓደኛዬ ነበር ያን ቀን የሚያስተረጉመው፤ እኔ ለመማር አጠገቡ ቆሜያለሁ። «በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ትልቁ ልጅ ብድግ አለ። «ምን አድርጎት ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?» በእኛ ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሶሪ ያጠፋም ይለዋል፣ ያዘነም ይለዋል። ሐኪሙ አዝናለሁ፣ ነፍስ ይማር ነው ያለው። ያንን ለማስረዳት የፈጀው ግማሽ ሰዓት፣ ለቤተሰቡ የመጀመሪያው የለቅሶ ግማሽ ሰዓት ነበር። ጓደኛዬም እኔም ከዚያ ወዲያ «ሶሪ» ስንሰማ ቆም ብለን የሐኪሙን ፊት እናያለን።

እማማ ደህና ናቸው። ደም ማቅጠኛውን ጨርሰው፣ ልጃቸውን አርሰው፣ ሁለተኛውን የልጅ ልጅ ሊያዩ ዘንድሮ ተመልሰው መጥተዋል። ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ስንገናኝ በሩ ላይ ሆነው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን በአንድ ጣት ነኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሌግ ነው» አሉኝ። «ፉት ብለህ ጫማዬን እንዳታስወልቀኝ።»